ጀርባቸውን ሰጥተው የተኙበት ቀን

ማማ ቬሮኒክ ንጋሉላ ከአባታቸው ከመምህር ቺማንጋ ካሌንጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካፒንጋ እ.ኤ.አ. በ1957 በምዌኔ ዲቱ ከተማ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመነኮሳት ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በ1979 ወደ ኪንሻሳ መጥተው የጀልባ መካኒክ ከነበሩት ከፓፓ አልበርት ምባላ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም አፈሩ። ሁለቱንም ያስተማሩት በማሲና ገበያ ቺክዋንግ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለውን የካሳቫ ዳቦ፣ እየሸጡ ነው። ዋጋ የምትከራከር ገበያተኛ ስትመጣ «ቅጠሉን በነፃ ውሰጂ» ይሏት ነበር።

ባለቤታቸው በ1998 ካረፉ በኋላ በሰፈራችን ጸሎት ቤት ዲያቆናዊት ሆነው ተሾሙ። ሥራቸው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ቁልፍ መያዝ ነበር። ንዶኪ ነው፣ ሰው በላ ነው የተባለ ሰው እስኪናዘዝ ድረስ ያለ እህል ውሃ የሚቆለፍባት ክፍል ናት። ይህን የሕይወት ታሪክ በአስከሬናቸው ፊት የማነብላችሁ ብዙዎቻችሁ ክፍሏን ታውቋታላችሁ፣ ፓስተራችንም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ነገር ግን ማማ «ሁሉንም አንብቢው፤ ከዘለልሽ ውሸታም አድርገሽ ቀበርሽኝ» ብለው አዘውኛል።

በ2003 የታናሽ እህታቸው ልጅ በስምንት ዓመቷ እናቷን አጥታ ወደ ቤታቸው መጣች። በወሩ የጎረቤት ሕፃን በትኩሳት ሞተና ልጅቷ በላችው ተብላ ተያዘች። ያቺ ልጅ እኔ ንቱምባ ነኝ። በሩን የቆለፉብኝ ማማ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን በበሩ ስንጥቅ ውሃ ስለምናቸው አለቀሱ።

«ልጄ፣ በላሁት በይና ልክፈትልሽ» አሉኝ።

በላሁት አልኩ። ማማ ይህን ያሉት አዝነውልኝ ነበር። ቃሌ ግን በጉባኤው ፊት ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ በመንገዳችን ላይ እኔን አይቶ ልጁን ያልሸሸገ ሰው የለም።

«ማማ ዲያቆናዊት፣ ይህችን ልጅ ከቤትዎ ያስወጧት፤ ቀጥሎ እርስዎን ነው የምትበላው» ተባሉ።

«ልትበላኝ ትችል ይሆናል፤ እስከዚያው ራቷን ትብላ» ብለው ቁልፉን መለሱ። የዲያቆናዊትነታቸው ነገር በዚያው አበቃ።

እውነቱን ልናገር። ማማ ይፈሩኝ ነበር። በላሁት ማለቴን አምነውታል፤ ያንን ቃል ያናገሩኝ ራሳቸው መሆናቸው እንኳ ከፍርሃታቸው አላዳናቸውም። ከክፍሏ በወጣሁበት ቀን ፉፉ፣ የካሳቫ ገንፎ፣ ሲያጎርሱኝ ጣታቸው ከንፈሬን እንዳይነካ ይጠነቀቁ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል ስንኖር የሚተኙት መጽሐፍ ቅዱሱን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ነው፤ ጀርባቸውን አምነው ሰጥተውኝ አያውቁም። እኔም እፈራቸው ነበር። የቁልፍ ድምፅ ስሰማ ዛሬም አፌ ይደርቃል።

አንድ ቀን ደግ ያደረጋቸው ሃይማኖት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ስቆልፍብሽም እየጸለይኩ ነበር፣ ስከፍትልሽም እየጸለይኩ ነበር፤ እኔ ምኑን አውቄ» አሉኝ።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲወድቁ ሰፈሩ «አሁን ጀመረቻቸው» አለ። ልጆቻቸው ምግባቸውን ሌላ ሰው እንዲሠራላቸው ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን ከእኔ እጅ ካልሆነ አልቀምስም አሉ። ጁን 14 ቀን 2022 ከቀትር በኋላ ያቀረብኩላቸውን ሾርባ ጠጡ። ከዚያም መጽሐፉን ከደረታቸው አንስተው በእጄ ሰጡኝ፣ ጀርባቸውን ወደ እኔ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩና ተኙ። በዚያው አረፉ።

ሾርባውን እኔ እንደሠራሁት አሁን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከቀብር በኋላ ብቻዬን ወደዚያው መንገድ እመለሳለሁ፤ እፈራችኋለሁ።

ማማ ንጋሉላ ልጆቻቸውን ዴዚሬንና ኦኖሬን፣ አምስት የልጅ ልጆችን እና እኔን ትተው አልፈዋል። ስሜን ከልጆቻቸው ተራ እንድጽፍ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ማንንም በማይፈራበት ስፍራ ያሳርፍልን። እኛንም ጀርባ ለመሰጣጣት ያብቃን።