ዝም ስላልኩ የእኔ ያልሆነው ሳይክል

ለክቡር አቶ አጥናፉ
የሰፈራችን የተያዙ ንብረቶች ማቆያ ግቢ ኃላፊ
ካዛንቺስ

ጉዳዩ፦ በእጅዎ ስላለው ሳይክሌ አያያዝ ምክር ስለመስጠት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በግቢዎ ያሉት የጥበቃ ሠራተኞችም በሙሉ ጤንነት እንድትሰነብቱ እመኛለሁ። በተለይ ከሰዓት በኋላ ሳይክሌን እየነዱ ግቢውን ሲዞሩ በአጥሩ ቀዳዳ ያየኋቸውን ጥበቃ ወገባቸውን እንዳያማቸው አጥብቄ እመኛለሁ። መቀመጫው የተለካው ለእኔ ቁመት ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

እኔ አርያም ተከስተ እባላለሁ። ፊቴን ላያስታውሱት ይችላሉ፣ ቢሮዎ በገባሁ ቁጥር መሬት መሬት ሳይ ነበርና። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን አቁሜ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከምትኖረው ከአክስቴ ከለተሚካኤል ጋር ልብስ እሰፋለሁ። ቤታችን እዚሁ ካዛንቺስ ስለሆነ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎትም ለዚሁ ነው፤ ስጽፍ ማንም አያየኝም።

ሳይክሌ እንዴት እጅዎ እንደገባ ላስታውስዎ። ከቤታችን ወረድ ብሎ ካለው የክር ሱቅ ደጃፍ አስደግፌው ገብቼ ሳለ፣ የእርስዎ ሰዎች የመንገድ ዳር ነጋዴዎችን ዕቃ ለማንሳት በመኪና መጡ። ካልሲውን፣ ቀበቶውን፣ ጃንጥላውን ከነላስቲኩ ጠቅልለው ጫኑና ሳይክሌን ከላይ ጣሉበት። እኔ የሱቁ በር ላይ ቆሜ አየሁ። የእኔ ነው ማለት አልቻልኩም። መኪናው ሄደ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። በማግስቱ ቢሮዎ ስመጣ ዕቃው ሲጫን ለምን እንዳልተናገርኩ ጠየቁኝ። አሁንም ዝም አልኩ። ያኔ ወደ ጸሐፊዎ ዞር ብለው «የራሷ ቢሆን ትጮኽ ነበር» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ንብረት በጩኸት እንደሚረጋገጥ አላውቅም ነበር። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ደንብ ከሄድን፣ የሰፈራችን ውሾች ከሁላችንም በላይ ባለሀብቶች ናቸው።

ሁለተኛ። የተገዛበትን ደረሰኝ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሳይክሉን ራሴ ገጣጥሜ ስለሠራሁት ደረሰኝ እንደሌለው ሲረዱ ደግሞ ምስክር አምጪ አሉኝ። እዚህ ላይ ሳይክሉን ለምን እንደሠራሁት መናገር አለብኝ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባዎትም።

ከታክሲ ለመውረድ «ወራጅ አለ» ማለት ያስፈልጋል። እርስዎ በመኪና ስለሚሄዱ ረስተውት ይሆናል። እኔ ይህን ማለት አልችልም። ሌላ ሰው እስኪልልኝ እጠብቅና አብሬው እወርዳለሁ። ጎተራ የሚወርድ ሰው ከጠፋ ሳሪስ ድረስ ተወስጄ በእግሬ እመለሳለሁ። አክስቴ ስትቆጣኝ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው እላለሁ። ሳይክል ላይ ግን መውረድ የፈለገ ሰው ፍሬን ይይዛል፣ በቃ። ማንንም አያስፈቅድም።

ጎረቤታችን አቶ መብራህቱ በወጣትነታቸው አስመራ ሳሉ ሳይክል ይወዳደሩ ነበር። ቴላዮውን፣ ማለትም የሳይክሉን አጥንት፣ ዕቃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት አገኘሁት። ትኩር ብዬ ሳየው አይተውኝ ሳልጠይቃቸው አወረዱልኝ። ጓደኛዬ ሰብሪና ቤተሰቦቿ ስታዲየም አካባቢ ለልጆች ሳይክል ያከራያሉ፤ ከተጋጨ ሳይክል የተረፉ ሁለት ጎማዎች ሰጠችኝ። መሪውን፣ ፍሬኑንና ሰንሰለትና ፔዳል ሳይቀር የቀረውን ሁሉ የሰጠኝ የሰፈራችን ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው ሔኖክ ነው። ሳይክል መሥራት ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ከቴላዮው እንዲጀምር ነው። የተበየደበትን ቦታ በጨርቅ ወልውሎ ይመልከት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ቢለምኑትም አይውሰደው። ጎማው የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች በነጭ ጋዝ ይጠብ፣ በደንብ ያድርቅ፣ አዲስ ግሪስ ይሙላ። ጎማው ሲሽከረከር ከወዲያም ከወዲህም እኩል ርቆ መሃል ላይ መቆሙን ሳያረጋግጥ ፍሬን አይግጠም። እኔ ቸኩዬ ቀድሜ ገጥሜ መልሼ ፈትቻለሁ።

እንግዲህ ሦስቱን ሰዎች ይዤልዎት መጣሁ። እውነተኞች ናቸው፣ ችግሩም ይኸው ነበር። አቶ መብራህቱ ቴላዮው የእሳቸው እንደነበረና ምን ያህል ዳገት እንደወጡበት ዘርዝረው አስረዱ። ሰብሪና ጎማዎቹ የእነሱ ቤት መሆናቸውን ተናገረች። ሔኖክ ፍሬኑን እየጠቆመ ይሄ የእኔ ነበር አለ። «ነበር» የሚለውን ግን የሰማለት የለም። እርስዎም ከሰሟቸው በኋላ ንብረቱ የሦስት ሰዎች መሆኑ በምስክር ስለተረጋገጠ ለአራተኛ ሰው አይሰጥም ብለው ወሰኑ። አቶ መብራህቱ ወጥተው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው «ልጄ፣ እኔ የሰጠሁሽ ብረት ነው፤ ሳይክል ያደረግሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዚያን ቀን የለበሱት ግራጫ ኮት ጨርቁ ከአንድ ሱቅ፣ ገበሩ ከሌላ ሱቅ፣ ቁልፎቹ ደግሞ ከሌላ እንደተገዙ ከሩቅ ይታወቃል። በውሳኔዎ መሠረት ኮቱ የሦስት ነጋዴዎች ነው። ብርድ ስለገባ ግን ነጋዴዎቹ እስኪመጡ ድረስ እርስዎ ቢለብሱት ቅር አይለኝም።

ሦስተኛ። ቅር እንዳይለኝ ብለው ቅርጫት ያለው፣ ሮዝ የሆነ የሴት ሳይክል መርጬ ብገዛ እንደሚሻለኝ መከሩኝ። አባታዊ ምክር ነው። በምላሹ እኔም አመራረጡን ልንገርዎት፣ ለልጆችዎ ይጠቅምዎታል። ሳይክል በቀለሙ አይመረጥም። ከመካከለኛው ብረት በላይ ሁለቱን እግር መሬት አስረግጦ መቆም ነው፤ በብረቱና በሰውነትዎ መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከሌለ ለእርስዎ አልተሠራም። ከዚያ ተቀምጦ ተረከዝን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ማሳረፍ ነው፤ እግር ቀጥ ካለ የመቀመጫው ልክ ያ ነው። ፊትና ኋላ ስፕሪንግ ያለው ሳይክል ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ ዳገቱን ሲወጡበት ግን ጉልበትዎን ስፕሪንጉ ይበላዋል። ለእኛ ሰፈር የሚሆነው ቀላል፣ ፔዳሉ ጋ ያለው ባለጥርሱ ብረት አነስ ያለ ሳይክል ነው። ቅርጫት ለቲማቲም ጥሩ ነው።

አራተኛው ነገር ትንሽ ስለሚያናድደኝ በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ሳይክሌ የቆመው ከቆርቆሮው ጣሪያ ጫፍ ሥር ነው፤ ዝናቡ በሙሉ የሚወርደው ሰንሰለቱ ላይ ነው። ክረምት መሆኑን ግቢዎ ውስጥ ማንም ያልነገረዎት ከሆነ እኔ ልንገርዎት። አንድ ክንድ ያህል ወደ ግድግዳው ቢያስጠጉት ይድናል። ዝገቱን አይተው ይመስለኛል፣ ጥበቃው የምግብ ዘይት ሲያፈሱበት አየሁ። አሳቢነታቸውን አደንቃለሁ፣ ነገር ግን የምግብ ዘይት ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል። ሰንሰለት በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ በየመገጣጠሚያው ጠብ ጠብ የሚደረግለት ቀጭን ዘይት ነው፤ እኔ የስፌት መኪና ዘይት ነው የምጠቀመው። ጥቂት ቆይቶ የተረፈው ይጠረጋል። የሚሠራው ውስጥ የገባው ነው፣ ውጪ የሚያብረቀርቀው አይደለም። ይህ ለቢሮም የሚሆን ይመስለኛል።

ጎማው ነፋስ ሳይኖረው ባይቆም ደግሞ ጥሩ ነው፤ የተጣጠፈበት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ነፋሱን የሚይዘው የውስጡ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውም ይበላሻል። የሚነፋበት ከሌለ ሳይክሉን ገልብጦ በመቀመጫውና በመሪው ማቆም ይበቃል። የተወረሱ ጆንያዎችን የኋላው ጎማ ላይ ስለከመሩበት ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የተገጠመበት ክብ ብረት፣ ሳይወላገድ አይቀርም። እባክዎን ማንም በመዶሻ እንዳይነካው። ወደ ቀኝ ከሄደ በዚያ ቦታ ያሉትን የግራ ሽቦዎች በትንሽ በትንሹ ማጥበቅ ነው። ይህን ራሴ አደርገዋለሁ፣ እርስዎ ጆንያውን ብቻ ያንሱልኝ።

ሳይክሌ እርስዎ ጋ ከሰነበተ ጀምሮ እኔ ወደ ታክሲ ተመልሻለሁ። ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎት ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ልማዴ ሳሪስ ድረስ እየተወሰድኩ ተመለስኩ። ባለፈው ሐሙስ ግን ዝናብ ነበር። ጭኔ ላይ የሰው ዩኒፎርም ይዣለሁ፣ ጎተራ የሚወርድ አንድም ሰው የለም። ላንቻን እንዳለፍን የእርስዎ ንግግር መጣብኝ። የራሷ ቢሆን ትጮኽ ነበር። መውረዱ ደግሞ የማንም ሳይሆን የራሴ ነበር።

«ወራጅ አለ!»

ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ረዳቱ በሩን እየከፈተ «እህቴ፣ ይቺን ድምፅ የት ደብቀሻት ነው የኖርሽው?» አለኝ፣ ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ወርጄ ግን ጎተራ ነበርኩ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ውሳኔዎን ተቀብያለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ሲከፈት ሦስቱ ባለንብረቶች ይመጣሉ። ቴላዮውን ለአቶ መብራህቱ፣ ጎማዎቹን ለሰብሪና፣ መሪውን፣ ፍሬኑንና የቀረውን ለሔኖክ ያስረክቡ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፈርመው ይወስዳሉ። ለመፍታት እንዳይቸገሩ መፍቻዎቹን ይዤ እመጣለሁ። ከበርዎ ፊት ለፊት፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ እነሱ መልሰው የሚሰጡኝን ተቀብዬ እንደገና እገጥመዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አልቸኩልም። ሰው ተሰብስቦ ምን እንደሆነ ቢጠይቀኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግረዋለሁ። ሲያልቅ ነድቼው እሄዳለሁ። ያን ጊዜ የማን እንደሆነ ከመስኮትዎ ሆነው ይፈርዳሉ።

ሳይክሌን ከዝናብና ከምግብ ዘይት ጋር ላስተዋወቁልኝ፣ ለእኔም ድምፅ ለሰጡኝ ለእርስዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ግን ከመሬት ላይ አንስቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

አርያም ተከስተ
ልብስ ሰፊ፣ እንዲሁም የሦስት ሰዎች ንብረት የሆነ የአንድ ሳይክል ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአቶ መብራህቱ፣ ለሰብሪናና ለሔኖክ
ሳይክሌን ለሚነዱት ጥበቃ (መቀመጫውን ሲጨርሱ ወደ ነበረበት ይመልሱት)
ለግቢው በር (ይህን ደብዳቤ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይጠርጠር)

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ የግራው ፔዳል እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ አይፈታም፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ሰኞን ሳይጠብቁ ራስዎ ልፍታው ካሉና እምቢ ካለዎት አይታገሉት፣ እኔ እስክመጣ ይተዉት። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ከበርዎ ላይ ጩኸት ቢሰሙ እንዳይደነግጡ። የራሴ ስለሆነ ነው።