ለአንድ ጉዞ የሚበቃ ወለል

ውድ ባለቤቴ ዘይነባ፣

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው፦ የፒክአፓችንን የጭነት ሳጥን፣ የካሶኒውን ወለል በአዲስ ሰሌዳ እንድቀይር በቀበሌው ታዝዣለሁ፤ ሥራው ሲጠናቀቅ በዚያ ወለል ላይ ተጭኖ የሚሄደው ልጃችን ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጌ ልጽፈው አልቻልሁም።

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱ እንደ ተውሽው ነው ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን አይደለም። በደጃችን የተከልሽው የኒም ዛፍ የሚከረክመው አጥቶ ጣሪያውን ተጭኖታል። ኤልያስ በቁመት እኔን አልፏል፤ ሲስቅ ግን አሁንም እንዳንቺ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ያንቺም የእኔም ወገን ሳይከፋ የሚጠራው ስም ይሁን ብለሽ ያወጣሽለት ስም፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከተመለመሉት መካከል በቀበሌው አዳራሽ ተነበበ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ።

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ መጥቶ መኪናችንን ዞሮ አየ። ከወገኖችሽ መንደር ከቢዮ አዋሌ ማንጎና ዘይቱን ስትጭኚበት የኖርሽው ወለል በፍሬው ጭማቂ በስብሷል። በእግሩ ረገጥ ሲያደርገው ተሰነጠቀ። «ጋሽ ታደሰ፣ በዚህ ላይ ልጆቹን ባቆም እግራቸው አስፋልት ይነካል። መኪናው ያንተ፣ ሹፌሩ አንተ፣ ወለሉንም አንተ ታበጀዋለህ» አለኝ። ድሬዳዋ ታላቅና ታናሹን ሁሉ «አንተ» ማለቷን ሠላሳ ዓመት ኖሬባት እንዳልለመድሁት ታውቂያለሽ፤ ትስቂብኝም ነበር። በዚያ ቀን ግን ሳላርመው ቀረሁ።

እምቢ አላልሁም። እኔ እምቢ ማለት የማውቀው በጥንቃቄ ብቻ ነው። አናጢው ሙሳ የመጀመሪያዎቹን ጣውላዎች ሲያመጣ የማዕዘን መለኪያዬን ስኳድራ አስጠግቼ ጠማማ ናቸው ብዬ መለስሁ። የሚቀጥሉት አንጓ በዛባቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት በሚገባ አልደረቁም። ሙሳ ላቡን እየጠረገ «ወላሂ ጋሽ ታደሰ፣ ይኼ መኪና እኮ ነው፤ የሙሽራ አልጋ አይደለም» ሲለኝ ሰፈሩ ሁሉ ሣቀ። በባቡር ጽሕፈት ቤት አንዲት ነጥብ የጎደላት ደብዳቤ ሳላሳልፍ ጡረታ የወጣሁ ሰው በመሆኔ ማንም አልጠረጠረኝም። አንቺን ሲያማርርሽ የኖረው ጠባዬ ለልጃችን መጠለያ ሆነለት፤ የመለስሁት ጣውላ ሁሉ ኤልያስን ጥቂት ሌሊት በቤቱ አሳደረው።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ታክቶት ራሱ ሰሌዳ በጋሪ አስጭኖ መጣ። ሰሌዳው ከሰጋቱራና ከሙጫ በፋብሪካ ተጨምቆ የተሠራ ነው። አንጓ የለውም፤ አይጠምም፤ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ስኳድራዬን በአራቱም ማዕዘን አስጠጋሁ። ዘይነባ፣ በሕይወቴ እንከን በማጣት እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም።

የሰሌዳውን ቁራጭ በውኃ በርሜል ውስጥ ነክሬ አሳደርሁት። ጠዋት እንደ ዳቦ ተነፍቶ አገኘሁትና ለሊቀመንበሩ ወስጄ አሳየሁት። በጣቱ ፈረፈር አድርጎ ሣቀ። «ደቻቱ ወንዝ የሚሞላው ክረምት ሲመጣ ነው፤ እኛ የምንሄደው ቅዳሜ ነው። ለአንድ ጉዞ ይበቃል» አለኝ።

ለአንድ ጉዞ። መመለሻውን እርሱም አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

አሁን ወለሉን የምንሠራው ከኤልያስ ጋር ነው። እኔ እለካለሁ፤ እርሱ ይበሳል፤ ቡሎኑን ያጠብቃል። ትናንት በሰሌዳው ላይ በጀርባው ተዘረጋ። በሙቀቱ ወራት አንቺ ከጎኑ ሆነሽ ሰማይ እያሳየሽ በዚሁ ካሶኒ ታስተኚው እንደ ነበር አስታውሶ ነው። «አባባ፣ ድሮ እግሬ እዚህ ድረስ ነበር፤ አሁን የኋላ መዝጊያውን አላስዘጋም አለኝ» ብሎ ሣቀ። ስኳድራዬ ጠፍቶብኛል ብዬ ወደ ቤት ገባሁ፤ በእጄ እንደ ያዝሁት ነበር።

ወንድምሽ ዩሱፍ ከቢዮ አዋሌ መልእክት ልኮብኛል። «ልጁን ስጠኝ፤ ከግመሎቹ ጋር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከእኛ መካከል ማንም ለይቶ አያወጣውም» ይላል። ኤልያስ ግን አሻፈረኝ አለ። እርሱ ቢጠፋ እኔን እንደሚያስሩኝ ያውቃል። ለመንሁት፤ ተቆጣሁት፤ በአባትነቴ አዘዝሁት። የመለሰልኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እማማ በሕይወት ኖራ ሂድ ብትለኝ እሄድ ነበር።»

እንግዲህ ጉዳዩ ከእጄ ወጥቶ ወደ አንቺ ደርሷል። በዚያ ወለል ላይ የሌሎች እናቶች ልጆች እንደሚቆሙ አውቃለሁ፤ ይህን አንቺን አልጠይቅሽም፤ ብቻዬን እሸከመዋለሁ። የምጠይቅሽ ስለ አንዱ ነው።

ደብዳቤውን በመቃብርሽ ራስጌ ከድንጋዩ ሥር አኖረዋለሁ። ኤልያስ ቅዳሜ ከእኩዮቹ ጋር በካሶኒው ላይ እንዲቆም የምትፈልጊ ከሆነ በጽሑፍ አሳውቂኝ። በመሠረተ ትምህርት የተማርሽውን፣ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውን የእጅ ጽሑፍሽን ከማንም ጽሑፍ መካከል እለየዋለሁ። በሕልም የመጣ መልስ አልቀበልም። በኖርሁበት የጽሕፈት ቤት ደንብ፣ በተወሰነው ቀን መልስ ያልሰጠ ወገን እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ስለዚህ ከድንጋዩ ሥር ወረቀት ካጣሁ፣ ወደ ዩሱፍ እንዲሄድ እናትህ ፈቅዳለች ብዬ እነግረዋለሁ፤ ዋሽቼ እንደማላውቅ ስለሚያውቅ ያምነኛል። ሊቀመንበሩም ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ወለሉን ያለ እንከን ተጠናቅቆ፣ እኔንም በጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ያገኘናል።

የትም ቢወስዱኝ ከጋቢናው ይልቅ በካሶኒው ጥግ፣ በማንጎው ጆንያ ላይ መቀመጥ የምትወጂውን አንቺን አልረሳም። በኋላ መመልከቻው መስተዋት የማይሽ ይመስለኛል፤ እስክንገናኝም እንደዚያው ይመስለኛል።

መልስሽን እስከ ዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ፣ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ባለቤትሽ ታደሰ