አባዬ ዱዓ ያደረጉለት ወይን

መስከረም 3

ቅዳሜ። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ዝናብ ወረደ፤ መልሼ ሰበሰብኩ። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ዘንድሮም የኔ ነው። ዕቅድ ልጽፍ ቁጭ አልኩ። ተነሳሁ። ቁም ሳጥን አጸዳሁ። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ... ምን ሆኛለሁ?

የሆንኩትንማ አውቃለሁ።

አባዬ ሬዲዮኑን ቀነስ አድርገው «የሙዓዝ ወይን ደረሰ ወይ?» አሉ።

«ሊደርስ ነው መሰል።»

«እግሬም ተሽሎታል። ዘንድሮ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ኢንሻ አላህ።»

ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደሴ ካለው ሰፈራችን፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ርቀው አያውቁም። ቤት፣ መስጊድ፣ ቤት። ወንድሜ ሙዓዝ ዝዋይ የወይን እርሻ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ ሲመለስ፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን ያለውን የእናታቸውን መሬት ሰጡት። «ምን ልትተክልበት ነው?» አሉት። «ፍሬ» አላቸው። አልዋሸም። ወይን ፍሬ ነው። ከፍሬው የሚሠራውን ግን አልነገራቸውም። ለኔ ነው የነገረኝ፤ አምና፣ በስልክ፣ እየሳቀ። «ወይን ጠጅ ነው የምጠምቀው፣ ከሪማ። ከቤት ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም።»

ለምን ለኔ?

መስከረም 5

የመጀመሪያ ቀን። አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሁለት ተማሪ። ድምፄ ተዘጋ።

አባዬ ወይኑን ሊያዩ እንዳሰቡ ለሙዓዝ ደውዬ ነገርኩት።

«እንዳታመጪያቸው።»

«ምን ልበላቸው?»

«መንገዱ ጭቃ ነው በያቸው።»

«አስፋልት ነው እኮ።»

«ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን በያቸው።»

አልኳቸው። አባዬ ትንሽ አሰቡና «ጭቃ ይደርቃል» አሉ።

መስከረም 9

አባዬ ከጁምዓ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። አጠገባቸው የሚሰግዱትን ሽማግሌዎች «ለልጄ ተክል አሚን በሉልኝ» ብለዋቸው ኖሯል። «ሁሉም አሚን አሉ። አንዱማ ውርጭ እንዳይነካው ብሎ ጨመረበት። ደጋን ቆላ ነው፣ ውርጭ የለም አልኩት።» ሳቁ።

እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። የታጠበ ብርጭቆ አጠብኩ።

በየጁምዓው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ። ሙዓዝ ይሄን ያውቃል? እኔስ ነግሬው አውቃለሁ? አልነገርኩትም። ለእሱም ደብቄያለሁ ማለት ነው... ለሁለቱም እየደበቅኩ የኖርኩት እኔ ነኝ።

መስከረም 11

ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ በጉም ተሸፍና ነበር፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሰን ስንወርድ ፀሐይ። ሹራቤን አወለቅኩ።

የሙዓዝ ሸሪክ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ቤት ሄድኩ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ግቢያቸው ሲገቡ ጥላ ነው፤ የወይን ሐረግ ከአጥር እስከ ጣሪያ ወጥቷል። ከጀርባ ባለው ክፍል ለቤታቸውና ለወዳጅ እየጠመቁ ዕድሜያቸውን ኖረዋል። ሙዓዝም እዚያው ነበር፣ ጠርሙስ ያጥባል።

ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ለራሳቸው ቀዱ። ለኔ አንድ ዘለላ ወይን አጥበው ሰጡኝ። «አባትሽ ጋሽ ሰይድ እንዴት ናቸው? ምነው አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይሉ?»

እኔና ሙዓዝ ተያየን። እሳቸው አዩን።

«አያውቁም እንዴ?»

ሙዓዝ ጠርሙሱ ላይ አቀረቀረ።

«ሙዓዝ፣ አባትህ ነገሩን ተቀብለውታል ብለኸኝ ነበር።»

«ካወቁ መሬቱን ይወስዱብኛል» አለ ሙዓዝ። ጠርሙሱን አላስቀመጠም። «ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም።»

«እናቴ የሞተች ጊዜ አባትህ ሦስት ቀን ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን እንዴት አድርጌ ነው የማየው?»

ወይኑ ጣፋጭ ነበር። ግማሹን ፌስታል ውስጥ አድርጌ ለአባዬ ወሰድኩላቸው። ያልጠረጠሩ ሰው ሲበሉ ማየት... ፍሬዋን አንድ በአንድ፣ ቢስሚላህ እያሉ።

መስከረም 14

አክስቴ ቢልቂስ ከገራዶ ደወለች። ለመስቀል ዕለት የጎረቤቷን መኪና ለምናለች። «ወንድሜን ደጋን እወስደዋለሁ። አንቺ ምግብ ቋጥሪ።» በቃ።

መስከረም 17

እንዳይረሳኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። የጎረቤትየው መኪና አሮጌ ነው፣ መስኮቱ አይዘጋም። አባዬ ከፊት፣ አዲስ ኮፍያ አድርገው። እኔና አክስቴ ከኋላ። ሐረጎ ላይ አባዬ ሹፌሩን «ቁም ቁም» አሉት። ወርደን ቆምን። ጉሙ ሲገፈፍ ገደሉ፣ ከገደሉ በታች ማሳው፣ ከማሳው በታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ... ከሩቅ ደግሞ ተራራ በተራራ ላይ፣ እየሳሳ የሚሄድ ሰማያዊ። አባዬ በከዘራቸው እየጠቆሙ በእግራቸው በቅሎ ነድተው ያለፉበትን ነገሩን። ሦስት ዓመት ሙሉ መስጊድና ቤት ብቻ ያየ ሰው እንዴት እንደሚያይ! አክስቴ እጄን ጨበጠችኝ። «ምነው ቀዘቀዝሽ? አብሽሪ፣ መኪናው ፍሬን አለው።»

ኮምቦልቻ ላይ ደመራው የተቃጠለበት አመድ ገና ይጨሳል። ደጋን አራት ሰዓት ደረስን።

ሙዓዝ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ነጭ ሸሚዝ። ማታውን የአምናው ወይን ጠጅ በበርሜል ያለበትን መጋዘን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቷል። አባዬ ረድፉን ሲያዩ ከዘራውን ለኔ ሰጡኝና ያለ ከዘራ ገቡበት። ቅጠሉን ገለጡ፣ ዘለላውን ከሥር በመዳፋቸው ያዙት፣ አልቆረጡትም። «ማሻ አላህ... እናቴ እዚህ ማሽላ እንኳ አልበቅል ብሏት ነበር።» ሙዓዝ ሐረጉ እንዴት እንደሚገረዝ አሳያቸው። ሲያሳይ እጁ ሌላ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ። አባዬም እጁን ነበር የሚያዩት። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁሉንም ረሳሁት። ደስ አለኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አባዬ ውዱእ አደረጉ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ዞር ዞር ብለው አዩና ከዘራቸውን ከኔ ተቀብለው መጋዘኑን አመለከቱበት። «ያ ቀዝቀዝ ያለ ይመስላል። እዚያ ውስጥ ልስገድ። ክፈትልኝ።»

ሙዓዝ «ቆሻሻ ነው አባዬ» አለ።

«መስገጃ ይዣለሁ።»

«መድኃኒት ተረጭቶበታል።»

«እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ምን እሆናለሁ? ክፈት።»

ሙዓዝ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት... ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ድስት ሰብሮ «ድመት ነው በይልኝ» ሲለኝ ያየኝ የነበረው። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉን አወጣ። ሊከፍትላቸው ነው! በርሜሉ ላይ ሸራ አልብሶ፣ መሐሉ ላይ ሊያሰግዳቸው!

«አባዬ፣ እዚያ አይሰገድም» አልኩ።

«ለምን?»

«ወይን ጠጅ ነው ያለበት።»

አክስቴ ቢልቂስ «ያ ረቢ» አለች፣ ቀስ ብላ።

አባዬ መጀመሪያ በሩን አዩ። ቀጥሎ ወይኑን፣ ከዳር እስከ ዳር። ሙዓዝን አላዩትም። መስገጃቸውን ታቅፈው አጥሩ ጋ ካለችው ግራር ሥር ሄደው ሰገዱ። ረዘመ። ሲነሱ እኔን ጠሩኝ።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«አምና።»

«አምና መቼ?»

«ከረመዳን በፊት።»

«ጁምዓ ጁምዓ ስመጣ ስነግርሽ... ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«መጠጡ የሱ ሒሳብ ነው፣ ከጌታው ጋር ይተሳሰባል። እኔን ግን የምለምነውን ሳላውቅ አስለመናችሁኝ። ያን ሁሉ ሰው አሚን አስባልኩ።»

የቋጠርኩትን ምግብ የበላ የለም። ሐረጎ ላይ አልቆምንም።

መስከረም 18

አባዬ ሬዲዮኑን አልከፈቱም።

መስከረም 21

ጠዋት ሰላምታ፣ ማታ ሰላምታ። በመሐል ምንም። ሻይ ሳስቀምጥላቸው «ጀዛኪላህ» ይሉኛል፣ እንደ እንግዳ።

ሙዓዝ ደወለ። «ሸጥሽኝ» አለ። «ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ መንገር አቃተሽ?»

«ልትከፍትላቸው ነበር።»

«ሸራ አልብሼዋለሁ። አያዩትም ነበር።»

«እሳቸው ባያዩትስ?»

ዘጋው።

ልክ ነበርኩ? ወይስ ሸክሙን ለመጣል ያገኘሁትን ሰበብ ያዝኩ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ክፍል ውስጥ ስለ ሴል እያስተማርኩ መሐል ላይ ጠፋብኝ። ተማሪዎቹ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት በእግሬ መጣሁ፣ ቤት ደርሼ ሳልገባ አለፍኩ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለምን? እግሬ አልቆም አለኝ።

መስከረም 23

ጁምዓ። አባዬ ሄደው ቶሎ ተመለሱ።

በራሳቸው ጊዜ ተናገሩ፣ ከሳምንት በኋላ። «ሽማግሌዎቹ ተክሉ እንዴት ነው አሉኝ። አፍሯል አልኩ። አሚን ሊሉ እጃቸውን ዘረጉ... ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ብዙ ሐሳብ ነበረኝ፣ የወጣው ይሄ ብቻ ነው።

«አንቺስ ተናገርሽ» አሉ። «ዘገየሽ እንጂ ተናገርሽ።»

መስከረም 25

እሑድ። ስነሳ አባዬ ቦርሳቸውን አዘጋጅተዋል። ሁለት ሽርጥ፣ ሹራብ፣ ሬዲዮ።

«ደጋን አድርሺኝ።»

«ሊጣሉት ነው?»

«ተጣልቼዋለሁ። ለመጣላትማ እዚህም እበቃለሁ።»

በሚኒባስ ሄድን። ሙዓዝ ወይን እየለቀመ ነበር፣ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ያግዙታል። ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «ጋሽ ሰይድ፣ ያውቃሉ ብዬ ነበር። በማርያም።»

«አምንሃለሁ» አሏቸው አባዬ። ከዚያ ወደ ሙዓዝ ዞሩ። ፊት ለፊት ሲያዩት ከመስቀል ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

«መሬቱን ሰጥቼሃለሁ። ሰጥቼ አልነሳም። ግን በእናቴ መሬት ላይ አይጠመቅም። በርሜልህን አውጣ።»

«ሥራዬ ነው አባዬ። አልተውም። አሁን እተዋለሁ ብል ደግሜ መዋሸቴ ነው።»

አባዬ ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ይሄን ካፍህ ስሰማ ገና ዛሬ ነው» አሉ። «አልወደድኩትም። ቢሆንም ሰማሁት። ሌላ ቦታ ጥመቅ፣ እኔ አልባርከውም። ከአጥሩ በታች ያሉት ረድፎች ግን የኔ ናቸው። ፍሬውን እኔ አውቅበታለሁ።»

«በዚህ እግርዎ?»

«በዚህ እግሬ።»

ሬዲዮናቸውን ከቦርሳ አወጡ። እዚያው ሊቀመጡ ነው የመጡት። ብቻዬን ተመለስኩ።

ጥቅምት 2

ቤቱ ሰፋብኝ። ስልክ ይጠራል ብዬ እጠብቃለሁ፤ አንዱ ስለ ሌላው ሊያማርር። አልጠራም። ምን እየተባባሉ ይሆን? ልደውል? አልደወልኩም። ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት።

የስድሳ ሁለቱን ፈተና አረምኩ።

ጥቅምት 15

ቅዳሜ። ደጋን ዋልኩ።

ከግራሯ አጠገብ ሰሌን ተነጥፏል፣ በሰሌኑ ላይ ወይን ተሰጥቷል። ደርቋል፣ ጠቁሯል፣ ተጨማድዷል። ዘቢብ! አባዬ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ያገላብጣሉ። ጠይመዋል። ትንሽ ከስተዋል። የዝዋዩ ዘዴ ነው፣ ሙዓዝ ነው ያሳያቸው። መጋዘኑ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጡ ታጥቧል። በርሜሎቹ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ግቢ ገብተዋል፤ ሙዓዝ ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት እዚህ ይሠራል።

«ትነጋገራላችሁ?» አልኩት ሙዓዝን።

«ስለ ዘቢብ ብቻ።»

«ቂም ይዘህብኛል?»

«ነበረኝ» አለ። «ግን በርሜሎቹ መሐል ቆመው ቢሰግዱ ኖሮ... ከዚያ በኋላ አባቴ ፊት መቆም እችል ነበር?»

እኛ እያወራን አንድ ወጣት ቄስ መጡ፣ ቄስ ምንተስኖት ይባላሉ። ጋሽ ኃይለ ሚካኤል ናቸው የላኳቸው። ከአባዬ ጋር ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ብዙ አወሩ። ዘቢቡን ቀመሱ። ከረጢት ሞልተው፣ አባዬን እጅ ነስተው ሄዱ።

ተጠጋሁ። በልቤ፣ ያልገባቸው ነገር ቢኖርስ ብዬ። «ለምን እንደወሰዱት ያውቃሉ አባዬ?»

«ጠየቅኩት። ለቁርባን ነው አለኝ። ዘፍዝፈው ይጨምቁታል።»

«እና ሸጡላቸው?»

«ዓይን ዓይኔን እያየ ነገረኝ» አሉ። «ለምን አልሸጥለትም?»

ማገላበጣቸውን ቀጠሉ።

ልሄድ ስል ሙዓዝ አጥሩ ጋ ተከትሎኝ መጣ። «ለአባዬ ንገሪልኝ...» አለ። «ለከርሞ ከላይ ካሉት ረድፎች አንዱን ለዘቢብ ልለቅላቸው አስቤያለሁ። ደስ ይላቸው እንደሆነ በወሬ መሐል ጠይቂልኝ።»

አፌ ላይ መጥቶ ነበር «እሺ» ልለው። ከልጅነቴ የለመድኩት።

«ያውልህ፣ እዚያ ናቸው» አልኩት።

ቆመ። አየኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ሄደ። አባዬ ቀና ብለው አላዩትም፣ ግን በርጩማቸውን ጎተት አድርገው ከሰሌኑ ዳር ቦታ ለቀቁለት። ተንበርክኮ አብሯቸው ማገላበጥ ጀመረ። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

የተባባሉትን አልሰማሁም። ለመስማትም አልተጠጋሁም። መንገዱ ላይ ወጥቼ ሚኒባስ ጠበቅኩ።