ወባ ያልኩት የማቴዎስ ሕመም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1976

ሁለት ሰዓት እንኳ አልተኛም። ጠዋት ስነሳ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሐይቁን ካርታ በጠመኔ ሲስል አገኘሁት። ባሌ ማቴዎስ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ካርታ መሳሉ አይገርምም። ግድግዳው ግን ባለፈው ወር የተቀባ ነው።

ሲጀምረው አውቃለሁ። ሳምንት ሙሉ ይናገራል፣ ያቅዳል፣ ይስቃል፣ ያገኘውን ለሰው ይሰጣል። ከዚያ ወር ሙሉ ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ለሰው ሁሉ ወባ ነው እላለሁ። ይኸው ሦስት ዓመቴ። ሐዋሳ ውስጥ ወባ ነው ሲሉት ማን ይጠራጠራል? ዛሬ ግን ጎረቤቴ እማማ ድንቄ፣ ይሄ ወባ አንቺን እንዴት አይነካሽም አሉኝ። ሳቅኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እሁድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። መቅረት የለም። ማቴዎስ እንዲህ ሆኖ እጁን ካወጣ የሆዱን ሁሉ ይዘረግፈዋል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሰው በአንድ ቃል ይታሰራል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ (ምክንያት፦ ወባ) ቡሹሎ ጤና ጣቢያ፣ ነርሷ ሲስተር የሺ ዘንድ ወሰድኩት። መመላለስ ከጀመርን አራተኛ ወራችን ነው። ክኒኑን የአዲስ አበባው ሐኪም ያዝዛል፣ እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ታነጋግረዋለች። የሕመሙን ስም በእንግሊዝኛ ነግራናለች፤ እኔ ከፍታና ዝቅታ ብዬ ያዝኩት። መጀመሪያ ቀን ወሬ ሰው ያድናል እንዴ ብዬ ነበር። አፌን ቁርጥ ያርገው።

ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «መምህር፣ ስንት ሰዓት ተኙ?» አለችው። ሲታመም ሰው ሁሉ፣ የገዛ ተማሪው ሳይቀር፣ አንተ ይለዋል። እሷ አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ከማለት አልጎደለችም። እንዲህም ያለ ሰው አለ።

ነሐሴ ላይ ደህና ሳለ በእጁ ያስጻፈችውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። አላነበበችለትም፤ እጁ ላይ አኖረችለት። እንዲህ ይላል፦

እንቅልፍ ሲያንሰኝ፣
በአንድ ቀን ሦስት እቅድ ሳወጣ፣
ሚስቴ ቀርፋፋ ስትመስለኝ፣
ያኔ እየመጣብኝ ነው። ክኒኔን አላቋርጥም። ስብሰባ አልገባም። ባልተኛም እጋደማለሁ።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ቀርፋፋ የምትለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ያ ሁሉ ንግግር ቆመና «ክኒኑን ከተውኩት ሳምንት ሆነኝ» አለ። እኔ በልመናም በቁጣም ያላገኘሁት ቃል ነው።

ለእኔ ግን አልራራችም። ወባ እያልኩ መኖሬን ስነግራት፣ የምትደብቂው ለሱ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ ብላ ጠየቀችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ጉድ ፈላ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በየነ የመምህሩ ወባ አልለቅ አለ ሲባል ሰምቶ፣ አዝኖልን የወባ ሠራተኛ ላከ። ሰውየው ከማቴዎስ ጣት ደም ወሰደ፤ እሱ በዚያች ቅጽበት ስለ ትንኝ አረባብ ሙሉ ትምህርት ሰጠው። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፦ ወባ የለበትም፣ እሁድ እንዳይቀር።

በገዛ ውሸቴ ተያዝኩ። ለማቴዎስ ነገርኩት። ጠመኔውን አስቀመጠ። በኋላ «እኔው እነግረዋለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁሚ» አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ሄድን። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመልሰው አሰብኩ። ሥራውን ቢያጣስ? ልጃችን የእብድ ልጅ ብትባልስ?

ማቴዎስ ጓድ በየነ ፊት ቆሞ ተናገረ። ቃሉ ይሽቀዳደምበታል፤ እየዋጠ ያዘው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ወባ አይደለም። የሚያመኝ አእምሮዬን ነው። አንዳንዴ ይከንፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። እየታከምኩ ነው። እሁድ ብመጣ ከአፌ ምን እንደሚወጣ አላውቅም።»

እኔ ወለሉን ነው የማየው። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። ጓድ በየነ ተነስቶ በሩን ዘጋ። እንዲሁ የምትታመም ታላቅ እህት ነበረችው፤ ጓዳ ውስጥ ታስራ ኖራ እዚያው ሞተች። ቁጭ ብሎ ያነጋገራት ሰው አልነበረም አለን። ከዚያ መልሶ ሊቀመንበር ሆነና የሕክምና ወረቀት አምጡ አለ። ይፈቅዳል አይፈቅድም፣ አልነገረንም።

ስንወጣ ባሌን አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ያህል ደፋር መሆኑን አላውቅም ነበር።

እሁድ፣ ጥቅምት 12

ትናንት የሲስተር የሺን ወረቀት አደረስኩ። ዛሬ ስብሰባው ላይ ብቻዬን ገባሁ። ስም ጥሪ ተጀመረ። «መምህር ማቴዎስ» ተባለ። ጓድ በየነ ቀና ሳይል፣ «ታሟል፤ ፈቃድ አለው» አለና ቀጠለ።

እማማ ድንቄ ወደኔ ዘንበል ብለው፣ ያው ወባው ነው ወይ አሉኝ። አይደለም እማማ፣ ሌላ ሕመም ነው፣ ቤት መጥቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ። ነገ ምን እንደሚያወሩ እንጃ።

ቤት ስደርስ ተኝቷል። አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ አልነቃም አለችኝ ልጄ። በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን አዳመጥኩ። እንቅልፍ ይህን ያህል ድንቅ ነገር መሆኑን ማን ያውቃል? ቀስ ብሎ ነቃና፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣

«ስሜ ተጠራ?» አለኝ።

«ተጠራ።»

«ምን ተባለ?»

«ታሟል ተባለ።»

«እውነት ነው» አለና ጎኑን ቀይሮ ተኛ።