ሳሎኔ ውስጥ ዮጋ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ
ቢሮ ዋልኩ። ከወንበር የምነሳው ጠረጴዛ ተደግፌ ነው... ወገቤ። ጎባ ያየኝ ሐኪም «መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ሰውነትሽን አፍታቺ» ብሎኝ ነበር። ሀዋኒ የምትባል ልጅ እዚሁ ሮቤ ክፍል ተከራይታ ዮጋ ታስተምራለች አሉ። ዮጋ? እኔ? በሃምሳ ዓመቴ፣ በዚህ ውፍረት? እሱ እግራቸውን አንገታቸው ላይ ለሚጠመጥሙ ቀጫጭን ልጆች ነው።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ
ሄድኩ። አጎዛዬን ይዤ። አጠገቤ ሙለታ የሚባል ጡረታ የወጣ ሹፌር አለ፤ ከእኔም ይወፍራል። ጎንበስ ስል እጄ ጉልበቴ ላይ ቀረ።
«መተጣጠፍ አልችልም» አልኳት ሀዋኒን።
«የሚተጣጠፍ ሰውማ ምን ሊያደርግ ይመጣል፣ እትዬ ወለተኢየሱስ? ሱታ... ቀስ ይበሉ። ትንፋሽዎን አይያዙ።»
ተጋድሞ መዝናናት መስሎኝ ነበር። በዚህ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ
እህቴ አባይነሽ ከጎባ ደወለች። ወሬው ደርሷታል።
«ለጣዖት ትሰግጃለሽ አሉኝ።»
«ወገቤን ነው የማፍታታው፣ እትዬ።»
«የሕንድ አምልኮ ነው። እስክትተይው ቤትሽ አልመጣም።»
ዘጋችው። ያሳደገችኝ እሷ ናት... አለቀስኩ። ቆይቶ ግን ተናደድኩ። ከሕንድ መምጣቱን ማን ካደ? እዚያ የሚጸልዩበትም አሉ፤ ሀዋኒ ራሷ ነግራናለች። እኔ ግን ማንን ጠራሁ? ትንፋሼን ነው የማዳምጠው።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ
የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።
«እዚያ ስትሆኚ ማንን ትጠሪያለሽ?»
«ማንንም።»
«ጸሎትሽንስ ተውሽ?»
«አልተውኩም፣ አባ።»
መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ፣ «እኔ ነገሩን አላውቀውም። የማላውቀውን አልባርክም፤ አልረግምምም» አሉኝ።
ይበቃኛል።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ
የክፍሉ አከራይ ሀዋኒን አስወጣት። «ሰፈሩ አልወደደውም» ብሎ። ሰፈሩ ማነው? እኔስ ሰፈር አይደለሁም?
ቁልፉን አስረክባ መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። እሷ ጴንጤ ናት፤ በእነሱም ዘንድ ያጉረመርሙባታል። «ዲንሾ፣ እናቴ ጋ ልመለስ መሰለኝ» አለች።
«የትም አትሄጂም። ሳሎኔ ሰፊ ነው።»
አፌ ቀደመኝ... ቢሆንም አልጸጸትም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ከሙለታ ጋር ሶፋዎቹን ወደ ግድግዳ ገፋን። አምስት ሰው መጣ። ጎረቤት በአጥር ትመለከታለች። ሀዋኒ መጋረጃውን ልትዘጋ ስትል ተይው አልኳት። ይዩ። ምን የምንደብቀው አለን?

ኅዳር 25፣ ረቡዕ
ፈቃድ ወስጄ ጎባ ሄድኩ። እሷ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ።
ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት። ጾም ነው፤ ሰው ይሰግዳል። አጠገቧ ቆሜ ሰገድኩ። ግንባሬ መሬት ነካ። ተነሳሁ... ደገምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኮ ግድግዳ ተደግፌ አንገቴን ብቻ ነበር የምደፋው። እትዬ እንደለመደችው ልትደግፈኝ እጇን ዘርግታ ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ።
ስንወጣ፣ «ያ ነገር ነው?» አለችኝ።
«እሱ ነው።»
ወደ ቤቷ መራችኝ። «እኔ አሁንም አልወደውም።»
«አትውደጂው። እኔ ግን አልተወውም።»
ቤቷ ገብተን ሽሮ በላን። ስለሌላ ሌላው አወራን። ልሄድ ስነሳ፣ ነጠላዬን እያስተካከለችልኝ፣ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች።
«ቅዳሜ ጠዋት ዮጋ አለን።»
«ካልጨረሳችሁ በረንዳው ላይ እጠብቃለሁ።»
በረንዳው ይበርዳል... ወንበርና ጋቢ አወጣላታለሁ። የሳሎኑን በር ግን አልዘጋም።