ተሸጣለች በላት ያልካት መኪና

ኦስነስ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024

ለምወድህ፣ ለጊዜው ግን ለተቀየምኩህ ልጄ ለሹር፣

ጤናህ እንዴት ነው? የሲንጋፖር ሙቀትስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ዓይኔም ባለፈው ወር ተመርምሮ ለመንዳት ብቁ ነሽ ተብያለሁ፤ መቼም አንተ ዘንድ ያለ ማስረጃ ሰው አይታመንምና ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ። ሰላምታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ፣ በስልክ ስናወራ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» እያልክ ሌላ ሥራህን እንደምትሠራ ስለማውቅ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። አሮጌዋ የናፍጣ መኪናችን በጃንዋሪ አጋማሽ ሞተሯ እንደሞተ ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ ከዚያ በኋላ አባትህ የሆነውን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ወደ ብሬከሊ እንደምሄድለት ታውቃለህ። እዚሁ ደጃችን አሥራ አንድ አልጋ ያለው የአረጋውያን ቤት ነበረን። ሁለቱን ማዘጋጃ ቤቶች አዋሃድን ያሉት ሰዎች ዘጉትና ሽማግሌዎቻችንን እንደ ዕቃ ጭነው ላንገስካር ተራራን አሻግረው ብሬከሊ አስቀመጧቸው። ሰማንያ ሦስት ኪሎሜትር! አውቶቡሱ ዛሬ ሄዶ ነገ የሚመለስ ነው። አሮጊት የት ታድራለች ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

መኪና ባጣሁባቸው ሦስት ሐሙሶች አባትህ ከጠዋት ጀምሮ ካፖርቱን ለብሶ መስኮት ሥር ተቀመጠ አሉኝ። ሲያወልቁለት ተመልሶ ይለብሳል። ምሳም እራትም አልነካም። በሌላው ቀንም ቢሆን የሚቀምሰው ለይስሙላ ነው፤ ደህና አድርጎ የሚበላው እኔ አጠገቡ ስቀመጥ ብቻ ነው። በሦስት ሳምንት አራት ኪሎ ቀነሰ። እንግዲህ መኪና ፍለጋ የወጣሁት ለዚህ ነው እንጂ በሰባ አራት ዓመቴ ሽርሽር አምሮኝ አይደለም።

መኪና ሻጩ አስጌር ግቢ ለኔ አቅም የሚሆኑ ሁለት ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቆመዋል። አንደኛዋ ትንሽ ነጭ ናት። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋቿ ንብረት የነበረች፣ አርባ አንድ ሺህ ኪሎሜትር ብቻ የሄደች፣ ጭረት የሌለባት፣ እያንዳንዱ ሰርቪሷ በደብተር የተጻፈላት። ሁለተኛዋ ትልቅ ግራጫ ናት። ከተማ ታክሲ ስትሠራ የኖረች፣ መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ የሄደች፣ ፊት ጎማዋ ላይ ኳ ኳ የምትል፣ ማሞቂያዋ ሁለት ጊዜ የተቀየረ።

አስጌር እጄን ይዞ በቀጥታ ወደ ትንሿ ወሰደኝ። «እትዬ ጉድቬይ፣ ይቺ ወርቅ ናት! አታሳፍርዎትም።»

«አንዴ ተሞልታ ስንት ትሄዳለች?»

«ሁለት መቶ ሃያ!»

«በየትኛው ወር?»

የመኪናዋን መስታወት በእጅጌው መጥረግ ጀመረ።

«አስጌር፣ በየትኛው ወር ነው ሁለት መቶ ሃያ የምትሄደው?»

«እንግዲህ... በጁላይ።»

«በጁላይማ በብስክሌትም እደርሳለሁ!» አልኩት። ስለ ግራጫዋ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «እሷ ተሸጣለች» አለኝ። አመንኩት። የአስጌርን እናት አውቃታለሁ፤ ውሸታም አላሳደገችም ብዬ አመንኩት።

ቤቴ ገብቼ እርሳስና ወረቀት አወጣሁ። ደርሶ መልስ መቶ ስድሳ ስድስት ኪሎሜትር ነው። ከሁለት መቶ ሃያው ላይ ብርዱ ሲሶውን ይበላል፤ ከቀረው ላይ ደግሞ ዳገቱ ይወስዳል። ብሬከሊ ያለው ቤት በር ላይ ሁለት ቻርጀር ከተተከለ ዓመት ሞላው፤ እስካሁን መብራት አልገባላቸውም፤ በላስቲክ ተጠቅልለው ቆመዋል። ከሁሉ የሚብሰውን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ። ላንገስካር ላይ ነፋስ ሲነሳ መንገዱ ይዘጋና ከበረዶ ጠራጊው ኋላ በኮንቮይ ነው የሚታለፈው። ተራ እስኪደርስህ አንድ ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ማሞቂያህን ከፍተህ ትቀመጣለህ። መኪና ሻጭ የሚለጥፈው ቁጥር ውስጥ ይህ መቀመጥ የለም።

ቦርግሂል ከጎረቤት መጥታ ሒሳቤን አየችና ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ትንሿን ግዢና እስከ ሱቅ እስከ ቤተ ክርስቲያን ተመላለሺ። አስጌር አስተማማኝ ናት ብሎሽ የለ?»

«አዎ፣ አስተማማኝ ናት። ሁልጊዜ ሳትሳሳት ተራራው አናት ላይ ታቆመኛለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ባሌ ቶርላይፍ ጋ ለማትደርስ መኪና ንጽሕናዋ ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ በዚህ ዕድሜሽ የታክሲ ሹፌር ልትሆኚ ነው?»

«አንቺንማ አልጭንም» አልኳት። ተኮራርፈን ተለያየን፤ ማታውኑ የዓሣ ሾርባ ይዛልኝ መጣች።

በማግስቱ በአስጌር ግቢ በኩል ሳልፍ ተሸጣለች የተባለችውን ግራጫ መኪና ለባልና ሚስት እያሳየ አገኘሁት። ቀጥ ብዬ ገባሁ። «የተሸጠ መኪና ለገዢ ታሳያለህ?» አልኩት። ፊቱ ቀላ። «ገዢው ሐሳቡን ቀየረ» አለ። እንግዲያው ሁለቱንም ሙላልኝ፣ እፈትናቸዋለሁ አልኩት። ቁልፉን ሊሰጠኝ እጁን ሲዘረጋ፣ «አልነዳም፣ እቀመጣለሁ» አልኩት።

ልክ ነበርኩ፣ ሹር። ሰው ሁሉ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሰፈሩን አንዴ ዞሮ «ጥሩ ትሄዳለች» ይላል። እኔ የምፈራው ቆማ የምትበላውን ነው። በመጀመሪያው ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነበር። ትንሿ ውስጥ ገብቼ ማሞቂያውን ሃያ አንድ ላይ አድርጌ፣ ሹራቤንና ፔርሙዜን ይዤ፣ ግቢው መሃል ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። አንድ ሜትር ሳትንቀሳቀስ ከመቶ ወደ ሰባ አንድ ወረደች። የቀረውን አስብና ዳገቱን ውጣበት እስቲ!

በሁለተኛው ቀን ግራጫዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ወሬው ተሰምቶ ነበርና ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲያልፍ በመስኮት እጁን ያወዛውዝልኛል። አንዱ «እትዬ፣ የት ደረሱ?» ብሎ ጮኸ። «ተራራው አናት ላይ ነኝ፣ ኮንቮይ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አስጌር መስኮቱን አንኳኩቶ አጠገቤ ገባ። ዳቦዬን በቡናማ አይብ አካፈልኩት። በልቶ ሲጨርስ ተነፈሰ።

«እትዬ ጉድቬይ፣ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም። ልጅዎ ደውሎልኝ ነበር።»

«የኔ ልጅ? ከሲንጋፖር?»

«ሁለት ጊዜ። ትንሿን ሽጥላት፣ ትልቋን ተሸጣለች በላት አለኝ። መኪናዋ አጭር የምትሄድ ከሆነች እናቴ ክረምቱን ተራራውን አትሞክረውም አለ። ለርስዎ አስቦ ነው፣ እኔም ልክ መስሎኝ...»

ሹር፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ውርደት ነው የተሰማኝ። እኔ ልብሴን በሰው አስመርጬ የምለብስ ሴት ነኝ? እናትህ የት ድረስ መሄድ እንዳለባት አንተ አሥር ሺህ ኪሎሜትር ርቀህ ከመኪና ሻጭ ጋር ትወስናለህ? ላም እንኳ ገመዷ ሲያጥር ታውቃለች፤ እኔ ግን በገዛ ገንዘቤ ገመዴን ገዝቼ፣ አመስግኜ፣ አንገቴ ላይ አስሬ ልመለስ ነበር። ፈርተህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ፍርሃትህን ለኔ ንገረኝ እንጂ ለአስጌር አትንገረው። እኔ ደግሞ አንተ ከምትፈራው መንገድ ይልቅ ካፖርቱን ለብሶ የተቀመጠውን ሰው እፈራለሁ።

አስጌርን አልጮህኩበትም፤ አፍሮ ነበር። ቁጥሩን አየሁ። ግራጫዋ የወረደችው ወደ ሰማንያ ዘጠኝ ነበር።

ያም ሆኖ በንዴት አልገዛኋትም፤ እንዲህ ያለች ጅል አድርገህ እንዳታስበኝ። ለአስጌር ምንም የማትሆነውን መካኒኳን ራንዲን ጠርቼ አስመረመርኩ። መሣሪያዋን ሰክታ የግራጫዋን ባትሪ ጤንነት አየች፤ ከአዲስነቱ ሰማንያ ስምንት በመቶ አለ። የትንሿ፣ ያቺ ንጹሕ የተባለችው፣ ሰማንያ አንድ ብቻ ነው፤ ዓመታት ቆማ አርጅታለች። ከዚያ ራንዲ ከግራጫዋ ሥር ገብታ በመዶሻ ስትቀጠቅጥ ቆየች።

«የፊት እግሯ አልቋል» አለችኝ ስትወጣ። «ኳ ኳ የሚለው እሱ ነው። የግራ ጎማው ኩሽኔታም ሊለቅ ነው።»

«ታዲያ ልተዋት?»

«እሱማ ብረት ነው፣ ብረት እቀይርልሻለሁ። ባትሪ ግን አልቀይርልሽም፤ አቅሙ የለሽም። ማሞቂያው ደግሞ ሁለተኛው ገና ዋስትና አለው። ይቺኛዋ በሽታዋን ደብቃ አይደለም የቆመችው፣ ትናገራለች።»

አስጌር የብረቱን ማስቀየሪያ ከዋጋው ላይ ቀነሰልኝ። ተደራድሬ የክረምት ጎማም አስጨመርኩበት፤ ውሸቱን በጎማ ይክፈል ብዬ ነው። ማክሰኞ ፈረምኩ። ራንዲ ረቡዕ ኩሽኔታውን ቀየረች፤ የፊት እግሩ ዕቃ ገና አልመጣም፣ እስከዚያ በቀስታ ንጂ ብላኛለች።

ሐሙስ ወጣሁ። ላንገስካር ተዘግቶ ነበር። የበረዶ ጠራጊው ሹፌር ከመኪና መኪና እየዞረ የኤሌክትሪክ የሆኑትን «ስንት በመቶ አለ?» ይላል። ካነሰ ይመልስሃል። ሰማንያ አምስት አልኩት። «ከርስዎ ጋር የሚነዳ ሰው አለ?» አለኝ። ከኋላዬ ያለውን የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ይህን ጠየቅከው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እጁን አወዛውዞ አሳለፈኝ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆምን። ከዚያ የፊተኛውን መኪና ቀይ መብራት ብቻ እያየሁ ተሻገርኩ። ውሸታም ስላልሆንኩ ይህንንም እጽፋለሁ፤ አንድ ቦታ ነፋሱ መኪናዋን ወደ ጎን ሲገፋት የአንተን ስም ጠርቻለሁ። ብሬከሊ ስደርስ አርባ ሰባት ቀርቶኛል። ስመለስ መንገዱ ተከፍቶ ነበርና ዘጠኝ በመቶ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

አባትህ ካፖርቱን ለብሶ መስኮት ሥር ነበር። ሲያየኝ ራሱ አወለቀው። የዓሣ ኳሱን ከድንቹ ጋር እስከ መጨረሻው በላ፤ ሳህኑን ለነርሷ አሳየኋት። ከዚያ ሁልጊዜ እንደሚጠይቀኝ ጠየቀኝ።

«ልጁ ደወለ?»

ሹር፣ ወደ አባትህ ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የደወልከው በኦክቶበር ነው። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ «ትናንት ደውሎ ነበር፣ አንተ ተኝተህ ነው» እያልኩ ስዋሽልህ ከርሜያለሁ። በዚህ ሐሙስ መዋሸት አላስፈለገኝም። «አዎ፣ ደውሏል፣ ያውም ሁለት ጊዜ» አልኩት። ፊቱ በራ። ለማን እንደደወልክ አልነገርኩትም።

ስወጣ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠብቃኝ ነበር። አራቱ ኪሎ እንደማይመለስ፣ ልቡም እንደደከመ ነገረችኝ። «ልጅ ካለው፣ ልጁ ለመምጣት ፋሲካን አይጠብቅ» አለች። አለው አልኳት።

አውሮፕላን ማረፊያው ከቤታችን መቶ ዘጠና ስድስት ኪሎሜትር ነው። በሜዳ ነው፣ ተራራ የለውም፤ እዚያ ደግሞ የሚሠራ ቻርጀር ሞልቷል። በዚህ ብርድ እንኳ ትደርሳለች፤ አስልቼዋለሁ። ለአባትህ መቶ ስድሳ ስድስቱ ይበቃው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ሒሳቡን ስሠራ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ቁጥር ይህኛው ነው። ቤትህን ካየህ ሦስት ዓመት ሆነህ እኮ።

ቀኑን ብቻ ንገረኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ። ወፍራም ልብስህን ያዝ፤ ወደ አባትህ ስንሻገር ኮንቮይ ልንጠብቅ እንችላለን።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፣ አባትህን በሕይወት ያቆይልህ።

እናትህ
ጉድቬይ