ዓርብ የተቸኮለበት ወለል

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬ መዶሻ አነሣሁ። አልጸጸትም።

እዚህ እስራኤል፣ ኪርያት ማታሎን በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የሠራነው የመጋዘን ወለል እንደ ዱቄት እየቦነነ ነው። የሥራ ኃላፊው አቪ የሚፈረም ወረቀት ይዞ መጣ፤ "ማለስለሱ እንዲጀመር የፈቀደችው መሐንዲሷ ናት" ይላል ወረቀቱ፤ መሐንዲሷ እኔ ነኝ። ያን ዓርብ ኮንክሪቱ ላይ ገና ውሃ ሳለ "ይድረቅ፣ እግር የማይሰምጥበት እስኪሆን እንጠብቅ" ብዬ ለምኜው ነበር። እሱ ግን "ሰንበት ሊገባ ነው" ብሎ ውሃው ላይ ደረቅ ሲሚንቶ አስነሰነሰ፤ ሄሊኮፕተር የምንለውን የማለስለሻ ማሽንም አስነዳበት።

"አልፈርምም" አልኩት።

"ዲግሪሽን በምጽዋት ነው የሰጡሽ። ፈርሚ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ።"

ትልቁን መዶሻ አንሥቼ ወለሉን ደጋግሜ መታሁት። ውሃው ላይ የተነሰነሰው ሲሚንቶ ከሥሩ ኮንክሪት ጋር አልያዘም ነበርና ላዩ እንደ ቅርፊት ተላጠ፤ ስብርባሪው የአቪ ጫማ ላይ ተበተነ። ክንዴን ሊይዝ መጣ።

"ንካኝና ታያለህ።"

ወደ ኋላ አለ።

ማሽኑን የነዱት ጋሽ ታከለ ቀረቡኝ። "ልጄ፣ አስቀምጪው። ሲሚንቶውን የነሰነስኩት እኔ ነኝ።"

"ማን እንዳዘዘዎት ይመሰክሩልኛል?"

"ጡረታዬ አንድ ዓመት ነው የቀረው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከተላጠው ትልቁን ስባሪ አነሡና ኪሳቸው ከተቱት። ሊመሰክሩበት ይሁን ሊደብቁት አላወቅሁም። ዐይኔን ሳያዩ ሄዱ።

ወረቀቱ ሳይፈረም ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አለ። መዶሻውን ግን ቤት ይዤው መጥቻለሁ፤ ነገም ሊያስፈርመኝ ቢመጣ ወለሉን ደግሜ እመታለሁ።